ስለ ስድስተኛው ቅጂና ስለ ተሸላሚው አንባቢ

ይድረስ ለክቡር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ የቤትዎ በርና መቆለፊያውስ ደህና ናቸው? እኔ ከመፍራቴና ከመናደዴ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት ተርፎኝ አይደለም፤ በግል የላክሁልዎ ሦስት ማመልከቻዎች እጥፋታቸው ሳይፈታ፣ በጀርባቸው ላይ «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ስለተመለሱልኝ፣ ምናልባት ብዙ ሰው አብሮ ቢያይልዎ ይቀልልዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ላለፉት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት የቤተ መጻሕፍቱን የተገነጣጠሉ መጻሕፍት በቤቴ፣ አንዲት መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ የምጠርዝ ሴት ነኝ። ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ የቆሰሉትን በጆንያ ያመጣልኛል፤ ዓርብ የዳኑትን ይወስዳል። ክቡርነትዎ አምና የአባትዎን መጻሕፍት እንድጠርዝ ወደ ቤትዎ ጠርተውኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስሠራ አንድ ጊዜ እንኳ አልነቀፉኝም፤ ቤት ስላልነበሩ ይሆናል፣ ቢሆንም አመሰግናለሁ። ባለቤትዎ ግን ነበሩ። መልካም ሴት ናቸው፤ ያነባሉ።

ደንቡንም ላስረዳ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ውስጥ ሁለት ወረቀት እለጥፋለሁ። በአንደኛው ላይ መጽሐፉን የተዋሰው ሰው የካርድ ቁጥርና ቀኑ ይመታል። ሁለተኛው ባዶ ነው፤ አንባቢው አስተያየቱን ይጽፍበትና በስሙ ፈንታ የካርድ ቁጥሩን ያሰፍራል። ወረቀቱ ሲሞላ አንሥቼ ለማኅደር አስረክባለሁ፣ በቦታው አዲስ እለጥፋለሁ።

አምና የገዛችሁትን የነፍሰ ገዳይ ልብ ወለድ ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ እንዳይሆንለት። በሰባት ቀን ሰባት ሴቶች የሚገድል ሰው ታሪክ ነው፤ አንዱ ምዕራፍ ከአንድ ፌርማታ እስከሚቀጥለው ያልቃል። ዘጠኝ ቅጂ ገብቶ ዘጠኙም በየሦስት ሳምንቱ ወገባቸው ተሰብሮ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ሰው ገጹን የሚገልጠው ከኋላው እንደሚያባርሩት ሆኖ ነው። አስተያየቶቹን አነባለሁ። ማንበብ የሥራ ድርሻዬ እንዳልሆነ ነግረውኛል፣ ግን ምን ላድርግ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መጠረዝ አልችልም። አንድ የታክሲ ሾፌር «ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ጀመርሁት፤ ተሳፋሪው ገባ፣ ጠበቀኝ፣ ተስፋ ቆርጦ ወረደ» ይላል። አንድ የፋርማሲ ባለሙያ በምዕራፍ አምስት የተጠቀሰው መርዝ እንኳን ሰው ጉንዳንም አይገድልም ብሎ ጸሐፊውን ወቅሷል። አንዲት እናት በአንድ ትንፋሽ እንደጨረሰችውና ከዚያ ወዲህ ልጇን ሱቅ ልካ እንደማታውቅ ጽፋለች። አንዱ ደግሞ፣ እጁን ቁርጥማት ይያዘውና፣ በሦስተኛው ቅጂ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገዳዩ ማን እንደሆነ በትልቁ ጽፎ ከሥሩ የዐሥራ አራት ሰው እርግማን ተቀብሏል። እያነበብሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

አንደኛ ቅሬታዬ ቁጥር 412 የተባሉትን አንባቢ ይመለከታል። አንቱ የምላቸው ክብር ተርፎኝ ሳይሆን ወንድ ይሁኑ ሴት ስለማላውቅ ነው። እሳቸው እንደ ሌላው ሰው «ልብ ሰቃይ ነው» ብለው አያልፉም፤ ጸሐፊውን ያርማሉ። በመጀመሪያው ቅጂ ላይ «ገጽ 61፦ ሰው በዚህ ዓይነት ከታሰረ መጮህ አይችልም» አሉ። በአራተኛው ላይ «ገጽ 88፦ ጊዜው በዝቷል፣ ግማሹ ይበቃል» ብለው ጻፉ። የፋርማሲው ባለሙያ የተማረውን ይዞ እንደሚያርም ያስታውቃል። የእሳቸው እርማት ከትምህርት ቤት የመጣ አልመስል አለኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ጻፍሁ። ታየልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛና ሦስተኛ ቅሬታዎቼ ለየብቻቸው ነበሩ፣ አሁን አንድ ሆነውብኛል። ቁጥር 230 ነርስ ናት። ነርስ መሆኗን ራሷ ጽፋለች፤ እጅ ጽሕፈቷ ደቃቅ ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በሁለተኛው ቅጂ ላይ «እኔ የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ አንሥቻለሁ፤ ጸሐፊው ሬሳ የሚከብድ አይመስለውም» አለች። ሦስተኛዋ ሟች በሰባት መስመር ብቻ መሞቷ፣ ስም እንኳ ሳይሰጣት መቅረቷ አናዷት ግማሽ ገጽ ሞልታለች። ከታች ደግሞ መጽሐፉን የጠረዘው ሰው ማን እንደሆነ ባታውቅም ክሩ ጠንካራ እንደሆነና እንደምታመሰግን ጽፋለች። ክቡር ሆይ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያመሰገነኝ አንባቢ እሷ ብቻ ናት። ያን ወረቀት ለማኅደር አላስረከብሁም፤ ደንብ መተላለፌን በዚህ አጋጣሚ አምናለሁ።

በዚያው ወረቀት፣ ከምስጋናዋ ሥር፣ ቁጥር 412 ገብተውበታል፦ «ለቁጥር 230። በአስተያየትሽ እስማማለሁ። የሰማያዊ ሹራብሽ የግራ እጅጌ ግን መተርተር ጀምሯል።»

በቁጥር እንጂ በስም የማይተዋወቁ ሁለት አንባቢዎች ናቸው። ሹራቧን የት አዩት? ሁለተኛው ማመልከቻዬ ይህችኑ አንዲት ጥያቄ ብቻ የያዘ ነበር፣ እሱም ታየ።

ከዚያ በኋላ ስድስተኛውን ቅጂ በአዲስ ክር ሰፍቼ፣ ሁለቱንም ወረቀቶች ባዶ ለጥፌ፣ በዓርቡ መኪና ላክሁት። የውሰት ወረቀቱ ላይ አንድ ማኅተም ብቻ አረፈበት፤ ቁጥር 230። የመመለሻው ቀን አለፈ። ቤተ መጻሕፍቱ ሦስት የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ትጋታችሁን አደንቃለሁ። በአምስተኛው ሳምንት መጽሐፉ በር አጠገብ ባለው የመመለሻ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ማን እንደጨመረው ያየ የለም። ወገቡ ተሰብሮ ስለነበር ወደ እኔ መጣ። ወረቀቶቹ ከተለጠፉ ወዲህ ከዚያች ሴት በቀር ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ነው፤ በአስተያየት ወረቀቱ ላይ ግን የእሷ አንዲት ቃል የለችም። ያለው የቁጥር 412 ጽሕፈት ነው፦ «አራተኛዋ ሴት ታሪኩን ታዘገያለች። ባጭሩ ሊያልቅ ይችላል። ሞክሬዋለሁ።»

በገጽ 112 እና 113 መካከል ስንዝር የምታህል ሰማያዊ የሱፍ ክር ነበረች። እኔ የምሰፋው በነጭ የጥጥ ክር ነው።

ቁጥር 230 ከዚያ ወዲህ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አልጻፈችም። ሰኞ ሰኞ ጆንያው ሲራገፍ መጀመሪያ የምፈልገው ያን ያዘነበለ ጽሕፈት ሆኗል። ስሟን አላውቅም። ስም ስላልተሰጣት ሴት የተቆጣችውን ሴት እኔም በቁጥር ነው የማስባት፤ ይህ አንጀቴን ያንገበግበዋል።

አራተኛ። ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ክሯን ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኋት። በእስክሪብቶዎ ጫፍ ገፋ አድርገው ዕልባት ናት አሉኝ፤ ቀጥለውም በለዘበ ድምፅ «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ እህቴ። እርስዎ ይጠርዙ፣ ንባቡን ለአንባቢው ይተዉለት» አሉ። እህቴ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። የካርድ መዝገቡ ይታይልኝ ብዬ ብለምን የአንባቢ ምስጢር ያለ ፖሊስ ደብዳቤ እንደማይከፈት አስረዱኝ። ጣቢያ ሄድሁ። መርማሪው በትሕትና ተቀበሉኝ፣ ወንበር ሰጡኝ፣ የጠፋው ሰው ስም እስካልታወቀ ድረስ ደብዳቤ እንደማይጻፍ ነገሩኝ። ስሙ ያለው እርስዎ መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገብዎ የሚከፈተው በእሳቸው ደብዳቤ ነው። ይህን ሁሉ ያቀነባበረው ሰው ቢገኝ ጥሩ ልብ ወለድ ይወጣው ነበር፤ ፍጥነት ብቻ ይጎድለዋል።

ታናሽ እህቴ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ነው የሚሻልሽ ብላ መከረችኝ። እኔም ሞክሬ ነበር፤ እኔ ከነገሩ ብርቅም ነገሩ ከእኔ አልራቀም። በሚቀጥለው ሰኞ ከጆንያው ስምንተኛው ቅጂ ወጣ። ቁጥር 412 እንዲህ ጽፈውበታል፦ «የዚህ መጽሐፍ እውነተኛ አንባቢ ጠራዧ ናት። ቋጠሮዋ የግራኝ ቋጠሮ ነው፤ ሌላ ሰው ጫፉን ይዞላት የተቋጠረ አይደለም። ብቻዋን ነው የምትሠራው። የምትሠራበትን ክፍል አንድ ቀን ባይ ደስ ይለኛል።»

ግራኝ ነኝ፣ ክቡር ሆይ። የክሩን ጫፍ ይይዝልኝ የነበረው ባሌ ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ያን ቀን መርፌውን እንደያዝሁ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥሁ፣ አንድ ስፌት አልሰፋሁም። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ አራቅሁ። ከዚያም ሦስተኛውን ማመልከቻ ጻፍሁ፤ የስድስተኛውንና የስምንተኛውን ቅጂ የአስተያየት ወረቀቶች «ማስረጃ» ብዬ ከላዩ ላይ አያያዝሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው እንኳ ዓይኑ ላይ ቢደቀንበት ያያል ብዬ ነበር።

አምስተኛው ነገር ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በሳምንቱ የ«ዓመቱ ምርጥ የአንባቢ አስተያየት» ውድድር ውጤት በንባብ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አሸናፊው ቁጥር 412 ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎ በማስረጃነት የላክኋቸውን ወረቀቶች ለውድድር የቀረቡ መስለውት ለዳኞች አስተላልፏቸው ኖሯል። የስድስተኛው ቅጂ አስተያየት «እጥር ምጥን ያለ፣ ለአንባቢ ምናብ ቦታ የሚተው» ተብሎ ተወድሷል። የስምንተኛው ደግሞ «ልብ የሚነካ ምኞት» ስለያዘ ሽልማቱ በዚያው ተቀረጸ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከጠራዧ ጋር በሥራ ቦታዋ አንድ ሙሉ ቀን፤ ሥራው እንዳይረበሽ ያለ አጃቢ። ፍርሃቴን በማመልከቻ ላክሁልዎ፣ በሽልማት መለሱልኝ።

ወዲያው የሥራ ቦታዬን አድራሻ እንድሞላ ቅጽ ደረሰኝ። ሞልቼ መለስሁ። ፊርማዎ አርፎበት፣ «ታይቷል» ተብሎበት፣ ለተሸላሚው መላኩን ጸሐፊዎ ማክሰኞ በስልክ አረጋገጡልኝ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በመሥሪያ ቤታችን አይቼ አላውቅም። የአንባቢው ምስጢር ለእኔ አይከፈትም፤ የጠራዧ አድራሻ ግን ለአንባቢው በሁለት ቀን ተከፈተ።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። እስከ ነገ ማታ የካርድ መዝገቡን ለመርማሪው ይክፈቱላቸው። ሁለት መስመር ብቻ ናቸው። 230 ማን እንደሆነች ይታወቅና በሯ ይንኳኳ፤ እባክዎ፣ እኔ የዘገየሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። 412ም ማን እንደሆኑ ይታወቅና በራቸው ይንኳኳ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ብሎ የሚተርትብን ሰው አናጣም፤ የቀረችን አንዲት ቀን ግን አለች።

ይህ ደብዳቤ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ ሌላ በስምንቱ ቅጂዎች መጨረሻ ውስጥ ገብቷል። የተለጠፈ አይደለም፣ የተሰፋ ነው። ሽፋኑን ሳያበላሽ የሚያወጣው ጠራዥ ብቻ ሲሆን ቤተ መጻሕፍቱ ከዛሬ ጀምሮ ጠራዥ የለውም። ስድስተኛውን ቅጂ አልመልስም። ቁጥር 412ም ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ እኔ የሰፋሁትን ሁሉ ያነባሉ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለዓርብ ሌሊትዎ የሰላም እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በግራ እጇ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፋችልዎ፣
የቀድሞዋ ጠራዥዎ

ማስታወሻ (ለክቡርነትዎ ብቻ፤ በሰሌዳውም በቅጂዎቹም አልገባም)፦ ቅጹ ላይ «የሥራ ቦታ» በሚለው ሥር የጻፍሁት የእኔን ቤት አይደለም። አምና ሁለት ቀን የሠራሁበትን የእርስዎን ቤት ነው። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ብለው ስላረጋገጡልኝ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ፤ ደግሞም አይተውታል፣ ማኅተምዎ አለበት። የወረቀቶቹን ግልባጭ ለባለቤትዎ ትናንት አሳየኋቸው፤ በር ላይ እንደቆሙ አንብበው ጨረሱት። እሳቸው አስተያየት አልጻፉም፤ ልጆቹን ይዘው እናታቸው ዘንድ ሄዱ። ዘመድ ጥየቃ ያሉዎት ይህንኑ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ካልከፈቱ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን የሚከፍቱት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። እንግዳው ቀደም ብለው ከመጡም እንዳያመልጡዎት ጆሮዎን ይስጡ፤ ደረጃዎ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ወፍራም ስለሆነ ሰው ሲወጣበት አይሰማም።