የአርዲስ ሉንድ ሕይወትና የቬስተን አዳራሽ ጠረጴዛዎች

«ታዲያ የእኔ ጠረጴዛ የትኛው ነው? የመብራት ገመድ ይዤ ልምጣ ወይስ እዚያው አለ?»

ረቡዕ ዕለት በስልክ እንዲህ ብሎ የጠየቀን የውሃ ማጣሪያ መሐንዲሱ ዱዌን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ስለተበላሸ «ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በድሮው ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለሚስስ ሉንድ» ብለን ብቻ ነበር የነገርነው። ወሩ ኦክቶበር ነው፤ አዳራሹም ያው አዳራሽ ነው። ዱዌን ባለሙያዎች ለተማሪዎች ሥራቸውን የሚያስረዱበት፣ የተቋረጠው የሙያ ቀን እንደገና የተጀመረ መስሎት ማይክሮስኮፑን መኪና ላይ ሊጭን ተነሣ።

«ዱዌን፣ ዘንድሮ ማንም ሥራውን አያስረዳም። ቲቸር ሉንድ አርፈዋል» አልነው።

«እኔ እኮ ለምን ራሳቸው አልደወሉም ብዬ ነበር» አለ።

ሌሎች የድሮ ተማሪዎቻቸውም ይህንኑ ስለጠየቁን ለሁሉም ግልጽ ይሁን፤ ዛሬ የተሰበሰብነው ወይዘሮ አርዲስ ሉንድን ለመሸኘት ነው።

ወይዘሮ አርዲስ ከአባታቸው ከአቶ ኦስካር ክቫሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲግና ሆቭላንድ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1946 በሰሜን ዳኮታ፣ ከቬስተን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ተወለዱ። በረዶው መንገዱን ዘግቶት ስለነበር አዋላጇ የደረሰችው በጎረቤት ትራክተር ነው። «በሕይወቴ ያረፈድኩት ያን ቀን ብቻ ነው» ይሉ ነበር፤ አርፍዶ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ ይህን ሰምቷል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ትንሹም ትልቁም በአንድ ክፍል በሚማርበት የገጠር ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የራሳቸውን ሒሳብ ቶሎ ጨርሰው የትልልቆቹን ስለሚሠሩባቸው ትልልቆቹ አይወዷቸውም ነበር። በ1964 እዚሁ ቬስተን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ወደ ማይኖት የመምህራን ኮሌጅ ሄዱ፤ በ1968ም በሒሳብ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ።

በዚያው ዓመት በሚኒያፖሊስ አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ቀጠራቸው። ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ ቁም ሣጥን በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ወይዘሮ አርዲስ ሰማያዊ ሻንጣ ገዝተው ልብሳቸውን ሸከፉ። ሊሄዱ ሲሉ አባታቸው ወገባቸውን ታመው ተኙ፤ ከተኙበትም ሆነው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ላሞቹን ማን ያልባል?»

ሻንጣው ተፈታ። ወይዘሮ አርዲስ ጠዋትና ማታ እያለቡ ቀን ቀን በቬስተን ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ማስተማር ጀመሩ። አባታቸውን ወቅሰው አያውቁም። ሻንጣውን ግን ለማንም አልሰጡም፤ የገና መብራት ማስቀመጫ አደረጉት።

በ1970 ስንዴና ሱፍ አምራች ከነበሩት ከአቶ ቨርሊን ሉንድ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ቨርሊን የእህል ጎተራቸው ስንት እንደሚይዝ እንዲያሰሉላቸው ለመጠየቅ ነበር መጀመሪያ የመጡት። መልሱን አስቀድመው ያውቁት እንደነበር ከሠርጉ በኋላ ተናዝዘዋል። በ1972 አንድ ልጃቸውን ኩርትን ወለዱ።

እኛ ጎረቤቶቻቸው ስለ ወይዘሮ አርዲስ የምንናገረው ሁሉ ምስጋና ብቻ ቢሆን ራሳቸው አያምኑንም። የእንቅስቃሴን ሕግ ለትውልድ ያስተማሩት እኒህ ሴት መኪና ሲነዱ ትምህርቱን የረሱት ይመስሉ ነበር። የፖስታ ሣጥናችንን ሁለት ጊዜ ገጭተው ጥለዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያመካኙት በበረዶው ነው። ሁለተኛው ጊዜ ግን ሰው በሙቀት የሚቀልጥበት ጁላይ ነበር።

በ1975 የሙያ ቀንን ጀመሩ። «ማን ያልባል?» የሚለው ጥያቄ የሌላ ልጅ ሻንጣ እንዳያስፈታ ቆርጠው ተነሡ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ በዚህ አዳራሽ ጠረጴዛ ይደረደራል፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ከሩቅ እየመጡ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። ሴት ልጅ ከኬኩ ጋ ቆማ ከታየች ቲቸር ክንዷን ይዘው «ኬኩ አይሄድም፣ መሐንዲሱ ግን ይሄዳል» እያሉ ይወስዷታል።

ልጆቹም ሆኑላቸው። አንዷ የልብ መሣሪያ ትሠራለች፤ አንዱ አውሎ ነፋስ ይተነብያል፤ አንዷ ካልጋሪ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ቅርብ የቀረው ዱዌን ነው፤ እሱም ፋርጎ ነው ያለው። ወደ ቬስተን ለመኖር የተመለሰ ግን የለም። የሚመረቀውም ተማሪ በየዓመቱ እያነሰ ሄደ።

«አርዲ፣ ከተማውን እንዳለ ጭነሽ ልትጨርሽው እኮ ነው» ይሏቸው ነበር አቶ ቨርሊን። «እኔ እንኳ ስንዴውን ስሸጥ ለዘር አስቀራለሁ።»

«ስንዴ ሒሳብ አይችልማ!» ነበር የወይዘሮ አርዲስ መልስ።

ኩርት ሒሳብ ይችል ነበር። ነገር ግን ደወል ሲደወል የሚሮጠው ወደ ማሳ ነው። በመጨረሻው የትምህርት ዓመቱ፣ በ1989፣ «ከአባቴ ጋር ማረስ ነው የምፈልገው» አለ። እናቱ «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዘህ?» አሉት። በዚያ መከር የሉንዶች እራት ሲበላ ከሹካው በቀር ድምፅ አይሰማም ነበር።

የዚያ ዓመት የሙያ ቀን ሲደርስ አቶ ቨርሊን ጸጉራቸውን አበጥረው፣ የእሑድ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የቤታቸውን ታጣፊ ጠረጴዛ ተሸክመው ወደዚህ አዳራሽ ገቡ። በግድግዳው በኩል ክፍት ቦታ አግኝተው ዘረጉት። ከየማሳው የተወሰደ አፈር በጠርሙስ በጠርሙስ አድርገው ደረደሩ፤ የእህል እርጥበት መለኪያቸውንም አጠገቡ አስቀመጡ። እኛ እዚያው አጠገብ ኬክ ስንቆርጥ ስለነበር ቀጥሎ የሆነውን ሰምተናል።

ወይዘሮ አርዲስ እየተጣደፉ መጡ። «ተባረክ ቨርሊን፣ ጠረጴዛ ጎድሎኝ ተጨንቄ ነበር! ይሄ አፈር ግን ምንድን ነው? ወለሉ ዛሬ ተወልውሎ!»

«ለኩርት ብዬ...» አሉ አቶ ቨርሊን።

«ኩርት እዚህ አካባቢ የለም፤ ከመሐንዲሱ ጋ ይሆናል። በል ተነሥልኝ፣ ፋርማሲስቷ ቆማ እየጠበቀች ነው።»

አቶ ቨርሊን «እሺ» አሉ። ጠርሙሶቹን በባልዲ ሰብስበው ወጡ። ጠረጴዛውን ለፋርማሲስቷ ተዉላት። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው እዚሁ ቀርቶ በየዓመቱ አገልግሏል፤ ዛሬም ሻይ የተቀመጠበት እሱ ነው።

ኩርት በ1990 ለትምህርት ሄደ፤ የድልድይ መሐንዲስም ሆነ። ኦሪገን ውስጥ በሠራቸው ድልድዮች ላይ ሰው በሰላም ይሻገራል፤ እናቱም የድልድዮቹን ፎቶግራፍ በየማቀዝቀዣችን ላይ ለጥፈዋል። አቶ ቨርሊን ግን ማሳው ላይ ብቻቸውን አረጁ። መሬቱን መጀመሪያ አከራዩ፤ በ2006 አይተናቸው ለማናውቅ ሰዎች ሸጡት። በ2009 ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጥቶ ተዘጋ፤ በሩን የቆለፉት ወይዘሮ አርዲስ ናቸው። አቶ ቨርሊን በ2011 አረፉ።

ወይዘሮ አርዲስ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ለሚመላለሱት ጥቂት ልጆች ሲሉ የሙያ ቀኑን አላቋረጡም። አቶ ቨርሊን ባረፉ በዓመቱ አንዲት ወጣት የአፈር ተመራማሪ መጣች። አፈር በጠርሙስ ደረደረች፤ የእርጥበት መለኪያም አጠገቡ አስቀመጠች፤ ለልጆቹም መሬት እንዴት እንደሚነበብ ታስረዳ ጀመር። ወይዘሮ አርዲስ ፊቷ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ካፖርት ወደሚሰቀልበት ክፍል ገብተው ቀሩ። ልንፈልጋቸው ስንሄድ ካፖርቶቹ መሀል ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ቨርሊን እኮ ጠረጴዛ ሊያመጣልኝ አልነበረም የመጣው» አሉን። «ለልጁ ሥራውን ሊያስረዳ ነበር። እኔ አስነሣሁት።»

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አላስተዋሉትም ነበር። ይቅርታ እንዳይጠይቁ ደግሞ አቶ ቨርሊን የሉም። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናቸው ነበር፤ ኩርት በዚያ ሰዓት ከመሐንዲሱ ጋ ስለነበር አባቱ ሲነሡ አላየም።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ላይ «እርሻ» የሚል ወረቀት ለጥፈው የሚቀመጥበት ገበሬ ፍለጋ ደጅ ለደጅ ዞሩ። ያገኙት አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እሱም ማሞቂያው አጠገብ ስላስቀመጡት እንቅልፍ ወሰደው። አልቀሰቀሱትም። «ይተኛ፣ እሱን ማንም አያስነሣውም» አሉ።

በ2022 ልባቸው ሲደክም የሙያ ቀኑ ተቋረጠ፤ እርሳቸውም ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ገቡ። በሐኪሞችና በነርሶች ሲረዱ ቆይተው፣ ወጣት ነርሶቹንም ለምን ሐኪም እንዳልሆኑ ሲጠይቁ ሰንብተው፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ልጃቸው ኩርት፣ ባለቤቱ ማረንና የልጅ ልጃቸው ሶልቬግ በሐዘን ቀርተዋል። ሶልቬግ ምን እንደምታጠና ገና አልወሰነችም፤ አያቷም በመጨረሻ መጠየቁን ትተውላት ነበር። በየአገሩ የተበተኑት ተማሪዎቻቸውም ሐዘንተኞች ናቸው።

ቁጭ ማለት የማያውቁትን እኒህን ሴት እግዚአብሔር በቤቱ ያሳርፍልን። ከአቶ ቨርሊን አጠገብም ቦታ ይስጣቸው፤ እዚያ ማንም ማንንም ተነሥ እንደማይል እናምናለን።

የጠረጴዛው ነገር በተማሪዎቻቸው ፊት እንዲነበብ ያዘዙን ወይዘሮ አርዲስ ራሳቸው ናቸው። የቀረውን የነገረን ኩርት ሲሆን እሱም ይነበብ ብሏል። ባለፈው ሳምንት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ እጁን ይዘው ጠየቁት።

«ኩርት፣ ያን ቀን አባትህን ባላስነሣው ኖሮ እዚህ ትቀር ነበር?»

ኩርት ወደ መስኮቱ ዞሮ ውጭ ያለውን ማሳ አየ።

«እኔ እንጃ እማዬ» አላቸው። «አንቺ ስትደርሺ ሳየው እኮ ገና የሚነቃነቀውን የጠረጴዛ እግር እያስተካከለ ነበር።»