ሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ብርጭቆ ስወለውል ዋልኩ። ጫማዬ አሁንም ተረከዜን ይበላኛል... ልቀይረው ልቀይረው እያልኩ ይኸው ሦስት ወር።

ከሰዓት በኋላ ከታላቅ እህቴ ከእታለም ዕቃ መጣልኝ። አራት ጠርሙስ ቀይ ወይን፣ በባሏ አሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ። የመጀመሪያ ምርቷ! ያ ሐሩር ቆላ ላይ ወይን ስትተክል ስንቱ ሳቀባት... ሰባት ዓመት ሙሉ። መች ተበገረች!

ውስጡ ወረቀት አለ፦ «የምትሠሪበት ምግብ ቤት አዋቂዎች አሉ አይደል? አስቀምሺልኝና እውነቱን ንገሪኝ። የማይረባ ከሆነ ነቅዬ ሽንኩርት እተክልበታለሁ። እኔ መቅመሱን ፈራሁ።»

ምን ማለት ነው ሽንኩርት! ጠርሙሶቹን ወጥ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። ነገ ያዩታል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ጉድ ሆንኩ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ቀመሱና ሳል ያዛቸው። «ኧረ ይሄ ጉሮሮ ይልጣል! ወይን ነው እሳት?»

ሊቁ ደግሞ አለ፣ የአስተናጋጆቹ አለቃ። ሊቁ ያልነው እኛ ነን፤ አፍንጫውን ብርጭቆ ውስጥ ሳይነክር አይናገርም። «የቆላ ወይን እንዲህ ነው» አለ፣ «ጉልበት እንጂ ጨዋነት የለውም።»

ጨዋነት! እህቴን ፊት ለፊት የሰደባት ነው የመሰለኝ። ቀመስኩት... እውነትም ያቃጥላል። ወደ ጓዳ ገባሁ። አለቀስኩ? ሽንኩርት እየተከተፈ ነበር እንበል።

አንዱን ጠርሙስ ይዤ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ለእታለም አልደወልኩም። ምን ብዬ?

እሑድ፣ መጋቢት 8

የእረፍት ቀኔ። ጠርሙሱ ከረቡዕ ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ፣ የውሃው በርሜል ጥግ ቆሟል። ሌላው ቢቀር እኔ ልጠጣላት ብዬ ከምሳ ጋር ከፈትኩት።

ምንድን ነው ይሄ? ያው ወይን ነው?

ጥቁር ሊሆን ምንም ያልቀረው ቀይ። መጀመሪያ የበሰለ እንጆሪ፣ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬ፣ ኋላ ላይ መራራ ቸኮሌት። አፍ ይሞላል። ምላስን እንደ ወፍራም ሻይ ያዝ ያደርጋል፤ ከዋጡት በኋላም አይሄድም፣ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። እሳቱስ የት ገባ?

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። አንድ ብርጭቆ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አኖርኩ። ሌላውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። የመስኮቱ አቃጠለኝ። የሳህኑ ግን... ወይ እህቴ!

«ቀይ ወይን ቀዝቅዞ አይጠጣም» ሲሉን እኛም አሜን ብለን ተቀበልን። ምድጃ ላይ ይቀመጥ ያለ ግን የለም። ማን አስቀመጠው? እኔው። የገዛ እህቴን ወይን ቀቅዬ አቀረብኩላቸው!

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ጠዋት፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት። አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ጆግ ከፈልኩት። አንዱን ጆግ ምድጃው ላይ ያለው መደርደሪያ፣ አንዱን ማንም ሳያየኝ ውሃና በረዶ ባለበት ባልዲ ውስጥ። ሩብ ሰዓት።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይቅመሱልኝ። ሁለት ነው።»

«ደግሞ ያንን እሳት ልታጠጪኝ?»

ደጉ ሰውዬ ቀመሱ። በመጀመሪያው ፊታቸው ተጨማደደ። በሁለተኛው ግን... ደገሙት። ሊቁም አፍንጫውን ነክሮ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ «ይሄማ የትልቅ ቤት ወይን ነው! ከዚያኛው ጎን ማቅረብሽ ራሱ ነውር ነው» አለ።

ባዶውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረግኩት።

«ሁለቱም ከዚህ ነው የወጡት። የእህቴ ወይን ነው። ረቡዕ ያቃጠልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ምድጃ ላይ አስቀምጬው። ይሄኛው ሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆየ፣ በቃ።»

ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ!

ሊቁ «ቀይ በበረዶ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ጆሮው ከወይኑ ይበልጥ ቀላ። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ደውዪላት አንቺ ልጅ፣ ያላትን ሁሉ ትላክ። ከዛሬ ጀምሮ ቀዩን ቀምሰሽ የምታሳልፊውም አንቺ ነሽ።»

ደወልኩ። «እታለም፣ ሽንኩርቱን ተይው።»

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

እታለም ለምሳ መጣች። የመስኮቱን ጠረጴዛ ሰጠኋት። የክት ልብሷን ለብሳ፣ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ጠረጴዛው ስር ደብቃ ተቀመጠች። ባልዲውን ማን አመጣ? ሊቁ! ሰዓቱን እያየ «ሩብ ሰዓት ሞልቶታል» ይለኛል፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል። ይሁንለት።

ቀዳሁላት። አላነሳችውም።

«ፈራሁ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እስካሁን አልቀመስሽውም እንዴ?»

«የት አባቴ ደፍሬ...»

አጠገቧ ያሉ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ብርጭቋቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው «ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ወይን የሚሠራው ማነው?» አሉኝ።

«እሷ ናት» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ቤቱ ሁሉ ዞረ። «ታላቅ እህቴ ናት!»

እታለም እጆቿን ከጠረጴዛው ስር አወጣች። ብርጭቆውን በሁለቱም ያዘችና ጠጣች።