ማራገቢያው ውስጥ የተገኘው ነጭ ፓውደር

ውድ አክስቴ ፖኩዋ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ባሪማ ጮክ ብሎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ስለዚህ ከሰላምታዬ በፊት ለእሱ አንድ ቃል አለኝ፦ ባሪማ፣ ሳትዘል አንብብ። ስለ አንተ የተጻፈውንም ጭምር።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስዎት። ማምፖንግ ዝናቡ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልዎት ሰው ሁሉ "ቅበሪው" ባለኝ በዚያው ላፕቶፕ ነው።

እዚህ ኩማሲ፣ አዱም ሰፈር ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅዎ መጀመሪያ የመጣሁት በንዴት ነበር። ላፕቶፔ አንድ ፕላን እስኪከፍት ሰው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። በእኛ የመሬት ቅየሳ ቢሮ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራው በራሱ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራ አስኪያጄ ሚስተር ኦዱሮ ደግሞ በሰው ፊት፣ "አፍራኮማ፣ ይሄ ኮምፒውተርሽ ጡረታ ወጥቷል። አዲስ ግዢ፤ ካልሆነም ወንበሩን ለሚሠራ ልቀቂ" ብሎኝ ነበር። ከእርስዎ በፊት ሦስት ጠጋኞች ጋ ሄጃለሁ። ሦስቱም ሳይከፍቱት "አርጅቷል" አሉኝ። ሦስቱም የሚሸጥ ሌላ ነበራቸው።

እርስዎ ካቻቢቴውን እንኳ አላነሡም። የተጠበሰ የምግብ ሙዝ በኦቾሎኒ እየበሉ፣ "ቁጭ በይና ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

"እዚህ?"

"ታዲያ በሽተኛ ሐኪም ፊት ካልታመመ የት ሊታመም ነው?"

ፕላን ከፈትኩ፣ መስመር ሳብኩ። እርስዎ ስክሪኑን አላዩም። ጆሮዎን ወደ ጠረጴዛው አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠየቁኝ፦

"ከጧት ጀምሮ ነው የሚንቀራፈፈው ወይስ ሲሞቅ?"

"ሲሞቅ።"

"ሥራሽስ ካምናው ከብዷል?"

"ያው ነው።"

"እንግዲያ ይሄ እርጅና አይደለም። እርጅና ሰዓት መርጦ አይመጣም።"

ከዚያ ከፈቱት። ማራገቢያው ላይ ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ተጋግሯል። በጣትዎ ነክተው አሸተቱት፤ ሳቅዎ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠራ።

"አንቺ ልጅ! ይሄን ኮምፒውተር ማነው ያስመረቀው?"

እማዬ ናት። ዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ዕለት እንደ ወጋችን በአንገቴና በትከሻዬ ላይ ነጭ ፓውደር አፈሰሰች፤ ያቀፍኩትን ላፕቶፕም "እሱም አብሮሽ ለፍቷል" ብላ ክዳኑን ገልጣ አለበሰችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ምርቃት እየማገ ሲታፈን ኖሯል።

"በደስታ የታነቀ ማሽን ስከፍት የመጀመሪያዬ አይደለም" አሉ። "በዚህ ከተማ ምረቃና ሠርግ ባይኖር ግማሽ ገበያዬ በቀረ ነበር።"

ማራገቢያውን በቀለም ብሩሽ ጠረጉ፤ ሚሞሪ ጨመሩ፤ መንቋቋት የጀመረውን ሀርድ ዲስክ አውጥተው በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ ገለበጡት። አሮጌውን ዲስክ ግን በጨርቅ ከረጢት አድርገው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ምን ያደርግልኛል? የደከመ አይደል?"

"አዲሱ ይሥራልሽ፣ ይሄ ይመስክርልሽ። ቅጂ ሠራተኛ ነው፤ ምስክር ዋናው ነው።"

የአሮጊት ወግ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።

"ታዲያ መቼ ነው የምቀይረው?" ብዬ ስጠይቅዎት ያሉኝን ግን ያኔውኑ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፦ "ዓይንሽ ስለሰለቸው አይደለም፤ ጎረቤትሽ ስለቀየረችም አይደለም። መጽዳት ከበቃው ታጸጂዋለሽ። የጎደለው ዕቃ ካለ ዕቃውን ትቀይሪለታለሽ። ጸድቶም ተጨምሮለትም ሥራሽ ከአቅሙ ሲያልፍ ያኔ አመስግነሽው ትለያያላችሁ። ሳይከፍት 'አርጅቷል' የሚልሽ ሰው ግን ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ የሚሸጥልሽ አለው።"

ያን ቀን ሌላም ነገር አይቻለሁ። ብሎኑን ወደ ዓይንዎ በጣም አስጠግተው ነበር የሚይዙት። በቀጣዮቹ ወራት ስመላለስማ በጣትዎ እየዳሰሱ ትልቁን ከትንሹ ይለዩ ነበር። እጅዎ እንዲያም ሆኖ አንድም ቀን አልሳተም። ተደነቅሁ እንጂ አልጠየቅሁም። ጥፋቴ ነው።

ወደ ደረሰብኝ በደል ልምጣ። ላፕቶፔን እርስዎ ዘንድ ከማምጣቴ በፊት የሁለት ጎረቤት መንደሮችን ወሰን የለካሁት እኔ ነኝ። አራት ወር በካካዎ እርሻ ውስጥ፣ መሣሪያውን በትከሻዬ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ። የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች ተስማምተው የፈረሙት በእኔ ፕላን ላይ ነው። የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ለቀያሾች ምክር ቤት የማቀርበውም እሱኑ ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግርጌው ላይ ባዱ የሚል ስም አየሁ። ባዱ የሚስተር ኦዱሮ የእህት ልጅ ነው፤ ጫማው ጭቃ ነክቶት አያውቅም።

"ጌታዬ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው" አልኩት ሚስተር ኦዱሮን።

"አንቺ መስመር ገልብጠሻል። መገልበጥ መሥራት ነው እንዴ? ማስረጃ ካለሽ አምጪ።"

ሳምንት ሳይሞላ ድምፁ ማር ሆነ። "አፍራኮማዬ፣ ቂም አትያዢ። አዲስ ላፕቶፕ አስመጥቼልሻለሁ፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ያን አሮጌሽን ብቻ አስረክቢኝ።"

እየበረርኩ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። "ሰውየው ተጸጸተ!" አልኩዎት።

"ኮምፒውተር ቸግሮታል?"

"ኧረ በየመሳቢያው ነው ያለው።"

"የሞተ ፍየል በሕያው በግ የሚለውጥ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ፍየሉ ወርቅ ካልዋጠ በቀር።"

"እንዴ አክስቴ፣ ይቅርታ መጠየቁ ነው እኮ!"

"ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ? ሳይከፍት አርጅቷል የሚል ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ የሚሸጥልሽ አለው አላልኩሽም? ሦስተኛም አለ። ውስጡ ያለውን የሚፈራ።"

አልዋሽዎትም፤ ያን አዲስ ላፕቶፕ ተመኝቼዋለሁ። ሌሊቱን በሙሉ አስቤው፣ በማግስቱ "አመሰግናለሁ፣ አሮጌው ይበቃኛል" አልኩት። በዚያው ሳምንት አባረረኝ። በዚያው ወር ደግሞ ባሪማ "እማዬ አርጅታለች፣ ዓይኗም አልቋል፣ ትረፍ" ብሎ ሱቅዎን ዘግቶ ወደ ማምፖንግ ወሰደዎት። ስመጣ በሩ ላይ ቁልፍ ብቻ አገኘሁ። ነገሬን የምነግረው ሰው አጣሁ፤ ስለዚህ ለምክር ቤቱ ነገርኩ።

ጉዳዩ ያለፈው ሐሙስ ታየ። አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ባዱ ያንኑ ለእኔ መጥቶ የነበረውን ላፕቶፕ ከፍቶ ፕላኑን አሳየ። እንዴት እንደሚያምር! እኔው የሠራሁት እስከማይመስለኝ ድረስ አማረብኝ። ከዚያ እኔ ክዳኑ በፕላስተር የተያዘውን አሮጌዬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ፣ ባዱ "ክቡራን፣ እስኪነሣ ድረስ ምሳ በልተን እንመለስ?" አለ። ሚስተር ኦዱሮ ከት ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ተከፈተ። ማራገቢያው ትንፍሽ አላለም። አክስቴ፣ ያን ጊዜ ጆሮዎ እዚያ በነበረ!

ሰብሳቢዋ ወደ ባዱ ዞሩ። "ያሳየኸን የተጠናቀቀው ነው። የጀመርከው የታል?"

"ይኸው ነው፣ እሜቴ።"

"አራት ወር ስትሠራ አንዴም አልተሳሳትክም?"

"አልተሳሳትኩም" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

እኔ ስልሳ አንድ ረቂቅ አሳየሁ። ወንዙን በተሳሳተው ወገን ያሳለፍኩበትን። አንድ ሙሉ የእርሻ ማሳ የዘለልኩበትን። "የወሰን ድንጋዩ የታል? ሽማግሌውን ጠይቂ፣ አታፍሪ" ብዬ ለራሴ የጻፍኩበትን። ስሕተቴን ሁሉ በየቀኑ ደርድሬ አሳየኋቸው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በስሕተቴ ኮርቼ አላውቅም። ሌባ የሚወስደው የመጨረሻውን ብቻ ነው። መሳሳቱን ማን ይሰርቃል?

ከአምስቱ አንዱ ጠርጣራ ነበር። "ዲስኩ አዲስ ነው። ቅጂ ላይ ያለ ቀን ሊነካካ ይችላል" አለ።

ያኔ የጨርቅ ከረጢትዎን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዲስኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያያዝኩት። አሮጌው ዲስክ እየተንቋቋ፣ እያቃሰተ ተነሣ፤ ቀኖቹም ሁሉ እንዳሉ ነበሩ። የእርስዎን ቃል ደገምኩላቸው፦ "ቅጂ ሠራተኛ ነው፤ ምስክር ዋናው ነው።" ሰብሳቢዋ ቃሉን ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉት አየሁ። ሚስተር ኦዱሮ ጫማውን ያይ ነበር።

ስሜ ወደ ፕላኑ ተመለሰ። ፈቃዴንም በሚቀጥለው ወር እወስዳለሁ። ስወጣ እማዬ የፓውደሩን ቆርቆሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ለተረታ ሳይሆን ለረታ ሰው የሚፈሰውን።

"እማዬ፣ ቁሚ!" ብዬ ጮህኩ። ላፕቶፑን ለዘበኛው ሰጥቼ "ይዘህልኝ ሩጥ!" አልኩት። "በይ አሁን፣ እኔ ላይ አፍስሺ!" አፈሰሰች፤ ሰው ሁሉ እያየ እስከ ቅንድቤ ነጣሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርዎት። በአዲሱ ሥራዬ ከአየር የተነሡ ትልልቅ ምስሎች ይመጣሉ፤ ይህ ላፕቶፕ አይችላቸውም። አጽድቼዋለሁ፣ የሚጨመርለትን ሁሉ ጨምሬለታለሁ። ሥራው ከአቅሙ አልፏል። በእርስዎ ሕግ ጊዜው ደርሷል፤ አመስግኜው እለየዋለሁ። የመጨረሻ ሥራው ይህ ደብዳቤ ይሁን አልኩ። ምክንያቱም የቀረኝ አንድ አሮጌ ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ ሳይከፍተው "አርጅቷል" ያለው።

ባሪማ፣ እዚህ ጋ ድምፅህን ከፍ አድርግ። የእናትህን ዓይን የትኛው ሐኪም አየው? ማንም። አንተ የሚሸጥ ዓይን የለህም፤ የምትፈራውም ነገር እዚያ ውስጥ የለም። እንግዲያ ከሦስቱ የትኛው እንደሆንክ እናትህ ታውቃለች።

አክስቴ፣ ዓይንዎ ላይ ነጭ ነገር እንዳለ ብሎን ሲያቀብሉኝ ቀርቤ አይቻለሁ። ለዓይን ሐኪም ነገርኩት። "ሳላይ አልምልልሽም" አለኝ፤ ጥሩ ጠጋኝ እንዲህ ነው የሚለው። "የዓይን ሞራ ከሆነ ግን ይወጣል" አለኝ። ቀጠሮ ይዣለሁ። ቅዳሜ ጧት መኪና ይዤ ማምፖንግ እደርሳለሁ፤ ለብሰው ይጠብቁኝ። ሐኪሙ ሳይከፍት አንድ ነገር ከተናገረ ምን እንደሚሉት እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

እማዬም እመጣለሁ ብላለች። ፓውደሩን ቤት እንድትተው አስምያታለሁ። እስኪያዩ ድረስ ብቻ።

ተማሪዎ፣
አፍራኮማ
ኩማሲ