ሺዩን ከክፍል አልወጣችም

ውድ መምህርቴ ሼን ጉዪላን፣

እንዴት ሰነበቱ? ልጅዎ ዘንድ ያለው የደቡቡ ሙቀት ተስማማዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ይህን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። በስልክ «ዌንጂን፣ እድገትሽ እስኪጸድቅ አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ» ብለውኝ ነበር። አልደፋሁም።

እንግዶች የሚታዘቡት የማሳያ ትምህርት ተራው የኔ ነበር። ርዕሱ «ቴክ» (መውሰድ) የሚሉት የእንግሊዝኛ ግስ ነው፤ ያው የኛን ልጆች ሲያስለቅስ የኖረው። እኛ በቻይንኛ መድኃኒት «እንበላለን»፣ አውቶቡስ «እንቀመጣለን»፤ ፈረንጆቹ ሁሉንም በዚህች አንድ ግስ ይገላገሉታል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፓንግ፣ እንደ ልማዱ፣ ትምህርቱን ከነጥያቄና መልሱ አስቀድመን እንድንለማመደው አደረገ። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራውን ያነሳል፤ እኔ ቀኞቹን ብቻ እጠራለሁ። ሺዩን የምትባለውን ልጅ ደግሞ ለዚያች ሰዓት ቤተ መጻሕፍት አስቀምጫት አለኝ። ውጤቷ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም ትንፍሽ አላለችም።

ደሜ ፈላ። «ልጅቷ ተማሪዬ ናት፤ አላስወጣትም» አልኩት።

«እንግዲህ እድገትሽን በገዛ እጅሽ ቀበርሽው» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት እንግዶቹ የሻይ ኩባያቸውን ይዘው ከኋላ ተደረደሩ። ስጠይቅ የክፍሉ እጅ በሙሉ ወጣ። ሺዩን ያነሳችው ግራዋን ነበር። እሷን ጠራኋት። ጆሮዋ እስኪቀላ አፍራ ተነሳችና በእንግሊዝኛ «መድኃኒት እበላለሁ» አለች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ልጆቹም ተከተሉ። ፓንግ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«እስቲ ሳይለማመድ እንደሷ የማይል ማነው?» አልኳቸው። የሷን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ የተዘጋጀውን ሁሉ ትቼ ከዚያው ጀመርኩ። እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ ክፍሉን በጫጫታ ሞሉት። መምህርቴ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አስተምሬ አላውቅም።

ከሰዓት ፓንግ አስጠርቶኝ ስሜ ከእድገቱ ዝርዝር መሰረዙን ነገረኝ። በመስከረም ተራራው ላይ ወዳለው ቅርንጫፍ ትምህርት ቤት ይልኩኛል። አልዋሽዎትም፣ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። ግን እሄዳለሁ፤ እዚያም ቢሆን እንግዳ መጣ ብዬ አንድም ልጅ ከወንበሩ አላስነሳም።

ዛሬ ጠዋት፣ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ ሺዩን መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች።

«መምህርት፣ ገላ መታጠብስ በዚሁ ግስ ነው?»

በዚሁ ነው አልኳት። ሄደች፤ ትንሽ ቆይታ ሌላ ጥያቄ ይዛ ተመለሰች።

የፈለጉትን ያህል ይቆጡኝ፤ ብቻ ቁጣዎን ጽፈው ይላኩልኝ።

አንገቷን ያልደፋችው ተማሪዎ፣
ሉዎ ዌንጂን