አሥራ አምስት ኪሎ ነበርሽ

ይድረስ ለልጄ ለትርንጎ፣

የኔ ዓለም፣ አፈር ከለበስሽ ስድስት ወር ሞላሽ። እናትሽ ጥቁሯን አላወለቀችም። ጫማሽ ለታናሽ እኅትሽ ልኳ ሆኗል። እኔም ይጁቤ ገበያ እህል መመዘኔን ቀጥያለሁ። የሱቁን በር ግን አላስቀባሁትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ እየወጣሽ በጠመኔ ያስጻፍሽኝ ኪሎ እዚያው አለ። ጫማ ሳይወልቅ የተመዘነ ውሸት ነው እያልሽ ትቆጪኝ ነበር።

ንዴቴ አልበረደም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ ይለኛል። እግዜር ምን አደረገ? እግዜር ካርድ ላይ ኪሎ አይጽፍም! የካንሰር መድኃኒት የሚሰላው በልጁ ክብደት ነው። አንቺን ሆስፒታል የገባሽ ዕለት ከነጋቢሽ መዝነው ሃያ አንድ ኪሎ ብለው ጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀርቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገቢ፣ ያንኑ ቁጥር ገልብጠው በዚያ ልክ መድኃኒቱን በደም ሥርሽ ለቀቁብሽ። በሦስተኛው ቀን አረፍሽ። ይህን ከቀብርሽ በኋላ እያለቀሰች የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት።

የምናደደው በእነሱ ብቻ አይደለም። ሃያ አንድ የሚለውን ካርድ ያኔውኑ አይቼዋለሁ። ከአልጋ አልጋ ያዛወርኩሽ እኔ ነኝ፤ ስንት ዘመን እህል ያነሳ ክንዴ አሥራ አምስት ኪሎ እንደሆንሽ ነግሮኛል። ትናንት የተመዘነ ጤፍ ዛሬ ካልመዘንኩ የማልገዛው ሰውዬ፣ በልጄ ጊዜ አፌን ያዝኩ። ዶክተሩን ሰው ፊት መጠየቅ ነውር መሰለኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ገደል ይግባ!

ሆስፒታሉን ስጠይቅ ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው ይሉኛል። ባለፈው ሐሙስ ሚዛኔን ተሸክሜ ሄድኩ። ጥበቃው አላስገባም ሲለኝ በሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከደምበጫ የመጣች እናት የከሳች ልጇን አዝላ ስትደርስ ለምኜ አስቆምኳት። ልጅቷን መዝኜ ቁጥሩን እናትየዋ መዳፍ ላይ ጻፍኩና፣ መድኃኒት ሳይሰጧት በፊት በስንት ኪሎ እንዳሰሉት ጠይቂያቸው አልኳት። ከሰዓት በኋላ ወጥታ፣ እንደገና መዝነው ካርዱን እንዳስተካከሉት ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ላንቺም ይህችኑ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ትርንጎዬ፣ እስክሞት አልረሳሽም። ሐሙስ ሐሙስ እዚያ በር ላይ ነኝ። የመጣውን ልጅ ሁሉ እመዝናለሁ፤ ጫማውን አስወልቄ።

አባትሽ