አንቱ የተባባልንበት ወንዝ

መስከረም 30 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከያርጋል ቤት፣ ከደባርቅ የአንድ ቀን የእግር መንገድ

የምወድሽ ልጄ እስከዳር፣

እንደምን አለሽልኝ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ፣ ተመስገን፣ ደኅና ነን። ከየት እንደምጽፍልሽ ከላይ አይተሽ ክው ብለሽ ይሆናል። አልተሳሳትሽም። ከታላቅ ወንድሜ ከያርጋል ቤት ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ካላነጋገርኩት ሰው መደብ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ ስልክ ስለማይሠራ ልጁ ትሕትና ነገ ደባርቅ ለገበያ ስትሄድ ደብዳቤውን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

«አባዬ፣ አጎቴን ለሠርጌ በስልክ አልጠራውም። በጥቅምት አጋማሽ ከእጮኛዬ ከሚናስ ጋር በእግር ሄጄ እጠራዋለሁ። ክረምቱ መንገዱን ምን እንዳደረገው የፊታችን ረቡዕ አይተህ ጻፍልኝ» ብለሽኝ የለ? እኔም ረቡዕ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሐሳቤ እስከ ወንዙ ሄጄ መመለስ ነበር። ያለ ታላቅ ወንድሜ ምርቃት ልድርሽ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜያለሁ፤ ደጁን ለመርገጥ ግን ፊት አልነበረኝም።

እንግዲህ መንገዱን ስሚ። ከደባርቅ ከተማ እንደወጣችሁ የገብሱ ማሳ ዳር ጭቃ ነው፤ ጫማ ይነጥቃል። የእኔን የግራ እግር ጫማ ሁለቴ ነጥቆኝ ሁለቴ በልመና አስመልሻለሁ። ሚናስ ያንን ነጭ ስኒከሩን እንዳያመጣ፣ የቆላ ልጅ ነውና ከወዲሁ ንገሪው። ማሳውን ስታልፉ ግን ልጄ፣ ሜዳው እንዳለ አደይ አበባ ነው! ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን ቆሜ «ወይ ጉድ» አልኩ። ጫካው ውስጥ ጥዱና ኮሶው ገና ያንጠባጥባል። የዛፍ ሥር አትርገጡ፣ ያዳልጣል። ዳገቱ ወገብ ላይ መሬቱ ስለተናደ ከበላዩ የወጣውን አዲሱን የእግር መንገድ ያዙ። እዚያ እንጨት የተሸከመች ሴት አግኝቼ «ወንዙ ሩቅ ነው?» ብላት «ኧረ እዚሁ ነው!» አለችኝ። እዚሁ ያለችው ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደብኝ። ያገራችንን «እዚሁ» ለሚናስ አስረጂው።

ወንዙ ጋ ስደርስ የግንዱ ድልድይ የለም፤ ጎርፍ ወስዶታል። ማዶ አንድ ሽማግሌ ሱሪውን ጠቅልሎ ድንጋይ እያንከባለለ ውኃው ውስጥ ይጥላል። ቀና ሲል ያርጋል ነው።

ልመለስ ስል አባታችን ትዝ አሉኝ። «መንገድ የጠየቀህን፣ ደመኛህም ቢሆን መልስለት» ይሉን ነበር። እንግዲያው ብጠይቀው እምቢ ማለት አይችልም። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደማላውቀው መንገደኛ፣ «ጤና ይስጥልኝ! ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንዴት ነው አንቱ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ደኅና ነው። በአንቱ በኩልስ?» አለኝ።

«ጭቃ ነው። ሁለት ዛፍ ወድቋል።»

«ምን ዛፍ?»

ዛፍ ማንሳቴ! ጸባችን የዛፍ ነዋ። አባታችን ከሥሩ ተቀምጠው ሰው ያስታርቁበት የነበረውን ወይራ፣ ለደባርቁ ቤቴ የበር መቃን ብዬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቀው። «አባቴን ቆረጥከው» አለኝ፤ እኔም ክፉ መለስኩለትና ተለያየን። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሰባቱንም ዓመት አውቀዋለሁ። «አጠፋሁ» የምትለዋ ቃል ግን አልወጣ አለችኝ።

«ጥድ ነው» አልኩት።

«ጥድ ከሆነ ደግ» አለና ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ።

እኔም ጫማዬን አወለቅኩ። እሱ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ፣ ድንጋይ እየጣልን መጠጋጋት ጀመርን። «ያቺን ጠፍጣፋዋን ይያዙልኝ አንቱ።» «ያዝኩልዎት አንቱ።» ከአንድ ማሕፀን የወጣን ሁለት ሽማግሌዎች! ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣራቸውን ትተው ያዩን ነበር፤ አልፈርድባቸውም። አንድ እርምጃ ሲቀረን ድንጋዩ ከሥሬ ተንሸራተተና እስከ ወገቤ ገባሁ። ያርጋል ክንዴን ጨብጦ «አንተ! ባዘዘው! እግርህን!» ብሎ ጮኸ። አንተ አለኝ፣ ልጄ! ደስታዬ የውኃውን ቅዝቃዜ አስረሳኝ። እሱም ምን እንዳመለጠው ገባውና ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን ሳቅ ቀደመው። ውኃው መሐል ተያይዘን ቆመን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ኋላ «ልጅቱ በትሕትና በኩል ረቡዕ ወርደህ መሻገሪያውን እይልኝ ብላ ላከችብኝ» አለኝ። አንቺ ተንኮለኛ! ለሁለታችንም ረቡዕ? ግዴለም፣ ይቺ ተንኮል ዕድሜ ትስጥሽ። ድንጋዮቹ አሁን ጸንተዋል፤ ብቻ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ካለ ወንዙ ይሞላልና ከስድስት ሰዓት በፊት ተሻገሩ። ጉልበቴ ትንሽ አብጦ ነው ሁለት ቀን የቆየሁት፤ ለእናትሽ ግን ያርጋል አልለቅም አለኝ ብዬ በመንገደኛ ልኬባታለሁ። እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።

ይህን ስጽፍ ያርጋል አጠገቤ ነው። ዓይኑ ስለደከመ «ምን አልካት? እስቲ አንብብልኝ» አለኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። በጭቃው ሳቀ፣ በ«እዚሁ» ሳቀ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቀው» የምትለዋ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። እንደምንም «ጋሼ፣ አጠፋሁ» አልኩት። የምድጃውን እንጨት ገፋ አደረገ።

ከዚያ «መቃኑ ጸንቷል?» አለኝ።

«ጸንቷል።»

«እንግዲያው በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን እጇን ይዤ በዚያ በር የማወጣት እኔ ነኝ። በአባቴ ሥር አልፋ ትሂድ።»

ኑልን። እግራችሁን ከእንቅፋት፣ ልባችሁን ከቂም ይጠብቅላችሁ።

አባትሽ ባዘዘው