ጫሞን ማን ወሰደው?

ሰኞ

ለክቡራን ቤተሰቦቼና ለሰፈራችን ለሴቻ ነዋሪዎች በሙሉ! ማበጠሪያዬ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በክብር ጡረታ ወጥቷል። እኔ ከመምህርነት ስሰናበት የተደረገልኝ ረጅም ንግግር ለእሱም ይደረግለት።

ምክንያቱ? ፀጉሬን በነካው ቁጥር ራሴን ያመኛል። በተለይ ግራ ጆሮ ግንዴን። ትራሱ ራሱ ድንጋይ ሆኖብኛል። ባለቤቴ አበበች «ቅቤ ልቀባህ» ብላ እጇን አናቴ ላይ ስታሳርፍ ጮኽኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ገና ሳልነካህ! ትያትርህን ተው» አለችና ቅቤውን ለወጥ አዋለችው። ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ የኖረን ሰው ማን ያምነዋል?

ማክሰኞ

ትከሻዎቼ ጠዋት አልነሳም አሉ። ሸሚዝ ለመልበስ ከራሴ ጋር ትግል ገጠምኩ፤ ሸሚዙ አሸነፈ። ረፋዱ ላይ ተፍታታሁ። እርጅና ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ምሳ ጥብስ ነበር። ጥቂት እንዳኘክሁ መንጋጋዬ የጨንቻን ዳገት እንደወጣ እግር ዛለ። ሳርፍ ይሻለኛል፣ ስጀምር ይዝላል። የተረፈውን ወደ ልጅ ልጄ ወደ ሳምራዊት ገፋሁት፤ ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር «ለፈተና ሥጋ ያስፈልጋል» አልኳት። «አባባ፣ አንተ? ሥጋ? ለሰው?» ብላ ግንባሬን ልትዳስስ ተነሳች። እጇ ሳይደርስብኝ በቀልድ አባረርኳት።

ረቡዕ

ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የምጽፈው! እንዴት መጣሁ?

ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ ሐይቆቹን ሳይ ግራ ዓይኔ ደበዘዘ። ቀኙን በእጄ ሸፈንኩት። ጫሞ የለም። ተራራውም የለም። ግራጫ ብቻ።

«ጫሞን ማን ወሰደው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሳምራዊት ከውስጥ፣ «አዞዎቹ ተሸክመውት ሄደዋል!» ብላ ሳቀች። አበበች አልሳቀችም። ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ ሲመለስ ጫማዬን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ተነስ፣ እንሂድ።»

«ቀለድኩ እኮ!»

«ስትቀልድ ሳቃችንን ለመልቀም ፊታችንን ታያለህ። አሁን አላየኸንም።»

በባጃጅ በረርን።

ዶክተሯ የልጅ ልጄን ታክላለች። «አባቴ፣ ሲያበጥሩ ያመዎታል? ሲያኝኩ መንጋጋዎ ይዝላል? ጠዋት ትከሻዎ ይያዛል?» ቤታችን ተደብቃ የከረመች መሰለኝ! እኔ ሦስት በሽታ ነው ስል ለካ አንድ ነው። ጆሮ ግንዴን ዳሰሰች፤ የደም ሥሩ ጠጥሮ እንደ ሲባጎ ሆኗል። «ግድግዳው ተቆጥቶ አብጧል። ወደ ዓይን የሚሄደውም ከተዘጋ ዓይኑ ይጠፋል፤ ከጠፋ ደግሞ አይመለስም። ዛሬ ብርሃኑ ተመልሶልዎታል፤ ነገ ላይመለስ ይችላል።»

ደም ተወሰደ። ከደም ሥሩ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመረመራል፤ መድኃኒቱ ግን ውጤት አይጠብቅም፣ አሁኑኑ ይጀመራል አለች። «ይፈራሉ እንዴ?» ስትለኝ፣ «ዓይኔን ለአንቺ አደራ ሰጥቻለሁ፤ ምላሴን ብቻ እንዳትነኪብኝ!» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

መድኃኒቱ በክንዴ በኩል እየገባ ነው። ጠብ፣ ጠብ።

ሐሙስ

እጄ ተነሳ!! ሁለቱም! እስከ ጣሪያ! ነርሷ የምጠይቃት ነገር ያለኝ መስሏት «ምን ልርዳዎ?» ትላለች። ምንም፣ ልጄ፣ እጄን እያየሁት ነው!

ትራሱ ትራስ ሆነ። ዳቦ አኘክሁ፣ እስከ መጨረሻው። ቀኝ ዓይኔን ሸፍኜ አበበችን በግራው አየኋት። «በዚህኛው በኩል ታምሪያለሽ» ብላት «ገና አልዳነም ማለት ነው» አለች። ሴትዮዋ ከእኔ ተምራ እኔኑ!

ዓርብ

ዛሬ ቁራጯን ከጆሮ ግንዴ ወሰዱ። አደንዝዘውኝ ስለነበር መቁረጣቸውን ሳይሆን ወሬያቸውን ብቻ ሰማሁ። ከመርፌው በኋላ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ኪኒን ይቀጥላል፤ ለረጅም ጊዜ። «ተሻለኝ ብለው በራስዎ እንዳያቆሙ! ስኳርዎንና አጥንትዎንም እንከታተላለን» አለች ዶክተሯ፣ ጣቷን እያወዛወዘች። ታውቀኛለች ማለት ነው።

ዓይኑ ይተርፍ ይሆን? «እስካሁን ደህና ነው» ነው ያለችኝ። እስካሁን። ጠዋት እንደነቃሁ አንዱን ሸፍኜ በሌላው የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አለ። ሰከንድ ቆጣሪው ሳይቀር ሲሄድ ይታየኛል።

አንድ ነገር ግን ላርም። ረቡዕ ለዶክተሯ ነገርኳት ያልኩት የምላስ ቀልድ ውሸት ነው፤ ማንም አልሳቀም። «ይፈራሉ እንዴ?» ስትለኝ፣ «አዎ፣ ይፈራል» ብላ የመለሰችልኝ አበበች ናት።